170 ዋት የተባለው ካርድ ለምን 80 ዋት ብቻ ይስባል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርግ አንዲት እህት፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ አስገብታለች። ኮምፒውተሩ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው። 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ እሱም አንድ ቁራጭ። ፓወር ሰፕላዩ አብሮት የመጣው የ290 ዋት ነው። ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድ ስለሌለው ካርዱን የገጠመላት ልጅ ሁለት የሳታ መሰኪያ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ተጠቅሟል። ካርዱ ያገለገለ ነው፣ ካርቶንም የለውም። 170 ዋት ይስባል ተብሎ ሳለ ኤክስፖርት ስታደርግ 40 ዋት አካባቢ ያሳያል፣ ማታ ወንድሟ ጌም ሲጫወት ደግሞ ቢበዛ 80። ሙቀቱ 54 ዲግሪ ነው። አንዱ ጥገና ቤት «ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ መቆፈር) ላይ የተቃጠለ ካርድ ነው፣ መልሺው» አላት። ሌላው «የባሕር ዳር መብራት ደካማ ስለሆነ ነው፣ ስታቢላይዘር ግዢ» አላት። የቱን ልስማ ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚ። ቢያንስ ለጊዜው። ሁለቱም ምክር የተሰጠሽ አንድም ቁጥር ሳይታይ ነው።

ከዚህ በታች ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ከሶኬት ንቀዪ፣ ያቺን የሳታ አዳፕተር አውጪያት። ካርዱንም አብረሽ አውጪውና ሞኒተርሽን ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መሰኪያ ጋር አገናኚ። ፕሮሰሰርሽ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ሥራሽ አይቆምም፣ ይንቀራፈፋል እንጂ።

ለምን እንዲህ እንደቸኮልኩ በቁጥር ላሳይሽ። የሳታ መሰኪያ የተሠራው ለሃርድ ዲስክ ነው። 12 ቮልት የሚያሳልፉት ሦስት ፒኖች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር። ሲደመር 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት። ሁለት መሰኪያ ሲሆን 108 ዋት። ያውም በወረቀት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሁለቱም መሰኪያዎች የተንጠለጠሉት ከፓወር ሰፕላዩ በምትወጣ አንዲት ቀጭን ገመድ ላይ ነው። ባለ 8 ፒኑ ደግሞ ለ150 ዋት የተፈቀደ ነው፣ ካርዱም ያንን ያህል አለ ብሎ ነው የሚያምነው። አዳፕተሯ ከኋላ ያለው ለ108 ብቻ እንደሆነ ለካርዱ የምትነግርበት መንገድ የላትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ። ካርዱ 80 ዋት ላይ ሲሠራ የተወሰነውን የሚወስደው ከማዘርቦርዱ ስሎት፣ ማለትም ራሱ ከተሰካበት ቦታ ነው። ስሎቱ እስከ 75 ዋት መስጠት ይችላል፣ ከዚያ ውስጥ 66ቱ በ12 ቮልት። የቀረው በአዳፕተሯ ያልፋል። ለዚህ ነው እስካሁን ያልቀለጠችው። ዋቱ ዝቅ ማለቱ ነው ያተረፈሽ። አንድ ሰው መጥቶ የቀረውን ነገር አስተካክሎልሽ ካርዱ 170 መሳብ ቢጀምር፣ ከመቶ ዋት በላይ በዚያች ገመድ ሊሄድ ነው፣ ያኔ የፕላስቲክ ሽታ የሚመጣው ሌሊት ኤክስፖርት ላይ አድርገሽው ተኝተሽ ሳለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄሽ «እንዴት ብዙ ዋት እንዲስብ ላድርገው» ከሆነ፣ መልሱ መጀመሪያ ብዙ ዋት የሚችል መንገድ አዘጋጂለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋትን እንደ ምክንያት ሲያይ ነው። ዋት ውጤት ነው። እህል ያልገባበት ወፍጮ ሞተሩ ይዞራል እንጂ ቆጣሪ አያስሮጥም። ካርድም እንዲሁ ነው፣ የሚስበው የተሰጠውን ሥራ ያህል ነው። 170 ዋት ማለት ጣሪያው ነው፣ ሁልጊዜ መድረስ ያለበት ግብ አይደለም። ካርዱ ከጣሪያው በታች ከሆነ ሁለት ዓይነት ታሪክ ነው ያለው፦ ወይ ሥራ አልደረሰውም፣ ወይ ሥራ ደርሶት የሆነ ነገር ይዞታል። ሁለቱ በዋት ቁጥር ብቻ አይለዩም። 80 ዋት በሁለቱም 80 ዋት ነው።

«ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ስለሆነ ካርዱ ቆጥቦ ይስባል» የሚባለውንም እዚሁ ላጥፋው። ካርድ ከፓወር ሰፕላይ ጋር አይደራደርም። ሥራ ከመጣ ይጎትታል። ፓወር ሰፕላዩ ካልቻለ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል ወይም ራሱን እንደገና ያስነሳል። ያንቺ ግን በ80 ዋት በሰላም ሰዓታት ይሠራል ብለሻል። ስለዚህ የአሁኑ 80 ዋት ከፓወር ሰፕላዩ ድካም የመጣ አይመስለኝም። የ290 ዋቱ ድካም የሚታየው በኋላ ነው፦ 170 ለካርዱ፣ 84 ለፕሮሰሰሩ፣ ዲስክና ፋን ሲጨመር፣ አፋፍ ላይ ነሽ።

ለመለየት ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን ማየት አለብሽ። የካርዱ ሥራ በመቶኛ፣ የሰዓት ፍጥነቱ በሜጋኸርዝ፣ እና ዋቱ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር «ሴንሰርስ» በሚለው ገጹ ላይ ሁሉንም ያሳይሻል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ደግሞ ጌሙ እየሄደ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፍልሻል። ጤነኛ 3060 ሥራ ሲበዛበት ወደ 1800 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ሥራው 97 ወይም 99 በመቶ ይሆናል፣ ዋቱም ወደ 170 ይጠጋል።

የላክሽው ፎቶ ላይ ዋትና ሙቀት ብቻ ነው ያለው። መቶኛው የለም። እሱ ቢኖር ግማሹን እዚህ አልጽፍም ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ግን ካንቺ ኮምፒውተር ውጭ ቢደረግ ይሻላል። ካርዱን የራሱ ባለ 8 ፒን ገመድ ያለው፣ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒውተር ላይ አስገቢው። ፖሊ ካምፓስ አካባቢ ጌም የሚጫወት ተማሪ አይጠፋም፣ ቡና ጋብዢው። ካርድን ሆን ብሎ የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የተባለ መፈተኛ ሶፍትዌር በ1080 ሪዞሉሽን አስነስታችሁ አምስት አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። 170 አካባቢ ደርሶ እዚያ ከቆመ፣ ጂፒዩ-ዚም የመገደቢያው ምክንያት «ፓወር» ነው ካለ፣ ካርዱ ጤነኛ ነው። አዎ፣ እዚያ ላይ «ፓወር» ማለቱ ጥሩ ዜና ነው፤ ጣሪያውን ነካሁ ማለቱ ነው። የሻጩ ጉዳይ እዚያው ይዘጋል፣ ችግሩም ቤትሽ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው ማለት ነው።

የኔ ግምት እዚህ ላይ ነው። ላስረዳ።

ፕሮሰሰርሽ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ትውልድ ነው። ካርዱ በ2021 የካቲት ላይ ወጣ። የስምንት ዓመት ልዩነት ነው። የዚያ ትውልድ ዴስክቶፕ አይ5 ባመዛኙ አራት ኮር ነው፣ ከዚያ በላይ የለውም። ጌም ውስጥ እያንዳንዷን ፍሬም መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ያሰናዳታል፣ ከዚያ ነው ካርዱ የሚስላት። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 50 ፍሬም ብቻ ካሰናዳ ካርዱ 50 ስሎ የቀረውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሥራው 45 ወይም 50 በመቶ ይላል። ዋቱም 80።

ታስክ ማኔጀር ከፍተሽ «ፕሮሰሰሩ እኮ 60 በመቶ ነው» እንዳትይኝ። ያ የአራቱ አማካይ ነው። ግራፉ ላይ በቀኝ ክሊክ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እንዲያሳይ አድርጊው። አንዷ ኮር ጣሪያ ላይ ተጣብቃ ሌሎቹ ሲተኙ ካየሽ ነገሩ ተገኘ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሞኒተርሽ ነው። 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጌሙ ላይም ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስረው ቪ-ሲንክ ከተከፈተ ካርዱ 60 ፍሬም ሠርቶ ያርፋል። ወንድምሽ የሚጫወተው የእግር ኳስ ጌም ነው ብለሻል። እንደዚያ ያለ ጌም በ60 ፍሬም ታስሮ 3060ን እስከ 170 ዋት ያስጨንቀዋል ብዬ አልጠብቅም። ይህ ብልሽት አይደለም። እንዲያውም የመብራት ሒሳብሽ ያመሰግነዋል።

ፕሮሰሰር ነው ወይስ ካርድ የሚለውን ለመለየት የምወደው ዘዴ አለ፣ ምንም አያስወጣም። ቪ-ሲንኩን አጥፊ። የኤንቪዲያ (የካርዱ ቺፕ ሠሪ) መቆጣጠሪያ ውስጥ ዲኤስአር የሚባለውን ክፈቺና 4 እጥፉን ምረጪ። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ሪዞሉሽኑን 3840 በ2160 አድርጊው። ሞኒተርሽ ባይችለውም ካርዱ በዚያ መጠን ይስላል። አሁን ካርዱ ለያንዳንዷ ፍሬም አራት እጥፍ ነጥብ ሊስል ነው፣ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ያው ነው። ዋቱ ተስፈንጥሮ 150 ወይም 160 ከደረሰና ፍሬሙ ያን ያህል ካልወረደ፣ ካርዱ ሲጠብቅ የነበረው ሥራ ነው። ዋቱ 80 ላይ ተጣብቆ ፍሬሙ ከተንኮታኮተ ደግሞ ካርዱን የሚይዝ ነገር አለ፣ እሱን ወደ ታች አመጣዋለሁ። ይህን የምትሞክሪው ግን ትክክለኛው ገመድ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። በአዳፕተሯ በፍጹም።

ራሙን ደግሞ በአጭሩ ልናገር። 8 ጊጋባይት በአንድ ቁራጭ ማለት ፕሮሰሰሩ በሁለት ቧንቧ ሊጠጣ እየቻለ በአንዱ ብቻ ይጠጣል ማለት ነው። ሁለት ቁራጭ አድርጊው። ለጌሙ ይጠቅማል፣ ላንቺ ሥራ ደግሞ ይበልጡን ይጠቅማል።

ወደ ኤክስፖርቱ ስመጣ፣ አንቺን የሚያሳስብሽ ይሄኛው መሆኑን አውቃለሁ፣ ጥር ላይ ሰርጉ ተደራርቦ ሲመጣ ማን እንቅልፍ አለው። 40 ዋት ማየትሽ አስደንግጦሻል። እኔን አላስደነገጠኝም። ካርዱ ውስጥ ቪዲዮ የሚጨምቅ ለብቻው የተሠራ ክፍል አለ፣ ኤንቬንክ ይባላል። ቪዲዮ የሚፈታም ሌላ ክፍል አለ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ ብዙ መብራት አይበሉም። አብዛኛውን ዋት የሚበሉት 3584ቱ የኩዳ ኮሮች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በተራ ቆርጦ መቀጠል ሥራ ላይ ብዙም አይጠሩም። ቀለም ስትሠሪ፣ ስታደበዝዢ፣ መጠን ስትቀይሪ፣ ኖይዝ ስታጠፊ ይጠራሉ። ታስክ ማኔጀርም መጀመሪያ ላይ የሚያሳይሽ «3ዲ» የሚለውን ግራፍ ስለሆነ ካርዱ የተኛ ይመስልሻል። በግራፉ አናት ላይ ያለችውን ቀስት ተጫኚና «ቪዲዮ ኢንኮድ» እና «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚሉትን ምረጪ። ያኔ ሲሠራ ታዪዋለሽ።

ራስሽ ሞክሪው። ተመሳሳዩን ክሊፕ አንዴ እንዳለ ኤክስፖርት አድርጊ፣ አንዴ ደግሞ የቀለም ማስተካከያና ብዥታ ደርድሪበት። ዋቱ በሁለተኛው ከፍ ካለ ካርዱ ሲጠራ ይመጣል ማለት ነው።

ኤዲት የምታደርጊው በፕሪሚየር ሶፍትዌር ከሆነ ሁለት ቦታ ተመልከቺ። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ሬንደረሩ «መርኩሪ ፕሌይባክ ኢንጅን ጂፒዩ አክስለሬሽን ኩዳ» መሆን አለበት፣ «ሶፍትዌር ኦንሊ» ካለ ካርዱ ሥራ ፈቷል። ኤክስፖርት ገጹ ላይ ደግሞ ኢንኮዲንጉ «ሃርድዌር» ይሁን። ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ተቀይሮ ወይም ካርዱ ወጥቶ ሲገባ እነዚህ ቅንብሮች ሳታዪ ወደ ሶፍትዌር ሊመለሱ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ካሜራው ነው። የዘመኑ ካሜራዎች 10 ቢት 4:2:2 የሚባል፣ ከተለመደው 4:2:0 የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዝ ቀረጻ አላቸው። ሻጭ «ፕሮፌሽናል ነው» ብሎ ያበራልሻል፣ ልክ ነው፣ ቀለሙ ጥሩ ነው። ነገር ግን የ3060 የመፍቻ ክፍል በዚህ መልክ የተጨመቀውን ኤች 264ም ሆነ ኤች 265 መፍታት አይችልም። ኤንቪዲያ ይህን ያስገባው በ50 ተከታታይ ካርዶቹ ነው። ስለዚህ የመፍታቱ ሥራ በሙሉ በዚያ ምስኪን አራት ኮር ላይ ይወድቃል፣ ካርዱም 40 ዋት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ታይምላይኑ እየተቆራረጠ የሚያስቸግርሽ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ወይ ፕሮክሲ፣ ማለትም የቀረጻውን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ሥሪና በእሱ ኤዲት አድርጊ፣ ወይ ካሜራው ላይ ቀረጻውን ወደ 4:2:0 አውርጂው። ከባድ የቀለም ሥራ ለማትሠሪበት ሰርግ 4:2:0 ከበቂ በላይ ነው። የሙሽራዋ እናት ልዩነቱን አታይም።

አሁን ሁለተኛው ታሪክ። በሰው ኮምፒውተር ላይ ሞክረሽ ካርዱ ሥራው 99 በመቶ እያለ ዋቱ 80 ወይም 100 ላይ ከቀረ፣ የያዘው ነገር አለ።

መጀመሪያ የዋት ጣሪያው ማን ጋ እንደተቀመጠ እዪ። ጂፒዩ-ዚ ውስጥ «አድቫንስድ» ገጽ ላይ «ኤንቪዲያ ባዮስ» የሚለውን ስትመርጪ ነባሪውን ጣሪያ ይነግርሻል። እዚያ 170 ካለና ካርዱ ከዚያ በታች ከቆመ፣ አፍተርበርነር ውስጥ «ፓወር ሊሚት» የሚለው ወደ ታች ተጎትቶ እንደሆነ ተመልከቺ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቅንብሩን የሚጭን ምርጫም አለው። አንዱ ጥገና ቤት «እንዳይግል» ብሎ ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል፣ ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ከዚያ «ፐርፍካፕ ሪዝን» የሚለውን መስመር አንብቢ፣ ካርዱ ለምን ከዚህ በላይ አልሄድም እንዳለ የሚጽፍበት ነው። ሥራ የለም ካለ ወደ ላይኛው ታሪክ ተመለሺ። ሙቀት ካለ ፋኑና በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ፔስት ነው። በ80 ዋት ላይ ሆኖ «ፓወር» ካለ ግን ከመግቢያዎቹ አንዱ ላይ ችግር አለ። ብዙ ካርዶች ላይ ጂፒዩ-ዚ የስሎቱን ዋትና የ8 ፒኑን ዋት ለየብቻ፣ ቮልቴጃቸውንም ጭምር ያሳያል። ሥራ ሲበዛ የ8 ፒኑ ቮልቴጅ ከ11.4 በታች ከወረደ ከደንቡ ወጥቷል፣ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የፓወር ሰፕላዩ ነው። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ አንዱ መግቢያ ከሞላ ጎደል ዜሮ ካሳየ ካርዱ ላይ ያለው የኃይል መለኪያ ወይም መግቢያው ተነክቷል። ያኔ ብየዳ የሚችል ሰው ይፈልጋል፣ ወይም ወደ ሻጩ።

ስሎቱንም እዪ። ጂፒዩ-ዚ «ባስ ኢንተርፌስ» በሚለው ላይ ያንቺ ማዘርቦርድ ላይ «ኤክስ16 3.0» ማለት አለበት። ካርዱ ሥራ ፈት ሲሆን 1.1 ይላል፣ አትደንግጪ፣ አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጫኚና ሙከራውን አስነሺ፣ ይወጣል። «ኤክስ4» ወይም «ኤክስ1» ካለ ወይ ሁለተኛው ስሎት ላይ ተሰክቷል፣ ብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ እሱ መልኩ ረጅም ነው እንጂ ውስጡ አራት መስመር ብቻ ነው፤ ወይ ደግሞ የካርዱ ወርቃማ ጥርሶች ቆሽሸዋል። በላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊ፣ በአልኮል አጽጂ፣ አድርቂ፣ እንደገና ሰኪ።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ካርቶን የለውም ስላልሽ ነው ያነሳሁት። የላፕቶፕ ቺፕ ዴስክቶፕ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ «3060» ተብሎ ይሸጣል። የላፕቶፑ 3060 ሜሞሪው 6 ጊጋባይት ነው፣ ኩዳ ኮሩ ደግሞ 3840 ነው፣ ከዴስክቶፑ ይበልጣል፣ የዋት ጣሪያው ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው። ጂፒዩ-ዚ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሻደር (የኩዳ ኮሩ ቁጥር) 3584፣ ሜሞሪ 12 ጊጋባይት፣ ባስ 192 ቢት ካሳየሽ ትክክለኛው ነው። 3840 እና 6 ጊጋባይት ካየሽ ተበልተሻል፤ ያን ጊዜ መመለስሽ ልክ ነው። ባለ 8 ጊጋባይት የሆነ ትክክለኛ 3060ም አለ፣ ባሱ 128 ቢት ነው፣ እሱ ሐሰተኛ አይደለም፣ ግን በባለ 12 ጊጋባይቱ ዋጋ መሸጥ የለበትም። ስሙ ፊት ለፊት «ፌክ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ ጂፒዩ-ዚ ራሱ ነግሮሻል።

ማይኒንጉ? ካርዱ ማይኒንግ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም፣ ግን ለዝቅተኛ ዋት ማብራሪያ አይሆንም። ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈር በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ላይ ቀርቷል። ቆፋሪዎቹ ዋቱን የሚቀንሱት ባብዛኛው በሶፍትዌር ነበር፣ ያ ቅንብር ካርዱን ተከትሎ አይመጣም። የተነካካ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ የተጫነው መሠረታዊ ሶፍትዌር) የሚባለው ታሪክ በብዛት ከቆዩ የኤኤምዲ ካርዶች የመጣ ነው፤ ኤንቪዲያ ከፓስካል (የ10 ተከታታይ ካርዶቹ) ትውልድ ወዲህ በፋብሪካ ያልተፈረመ ባዮስ አይቀበልም። የሌላ ካርድ የተፈረመ ባዮስ መጫን ይቻላል፣ ለዚህ ነው ነባሪውን ጣሪያ እዪ ያልኩሽ። ማንም ግን «ባዮስ ልቀይርልሽ» ካለሽ እሺ አትበዪ። ማይኒንግ የሚያደክመው ፋኑንና ሜሞሪውን ነው። ፋኑ የሚንጫጫ ከሆነ፣ ስክሪን ላይ ነጠብጣብ ወይም የተሰበረ ቅርጽ ካየሽ፣ ያኔ ስለ ማይኒንግ እናውራ።

መብራቱን በተመለከተ፣ እውነት ነው፣ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ሰፈር ውስጥ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጣና በለስ ከዚሁ ከሐይቃችን ውኃ እየቀዳ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ አጠገባችን ተቀምጦ መስመራችን እንዲህ መሆኑ ሌላ ወግ ነው። ግን ያ ካርድሽን 80 ላይ አያስቀረውም። የፓወር ሰፕላይሽን ታርጋ አንብቢ፣ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ከግድግዳው 180 ቢመጣም ለካርዱ ያው 12 ቮልት ይሰጣል፣ ከግድግዳው ብዙ አምፔር በመሳብ ያካክሰዋል። መብራት ሲወርድ የሚታይሽ ኮምፒውተር መጥፋት ነው፣ ዋት መቀነስ አይደለም። ዩፒኤስ ካለሽ ግን አስቢበት። 650 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ካርዱ በትክክል ሲሠራ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ አንድ ላይ ወደዚያው ይጠጋሉ፣ መብራት ሲጠፋ ፋይል ለማስቀመጥ የምታገኚው ጊዜ አጭር ይሆናል።

ሙቀት ደግሞ ጥያቄ ውስጥ አይገባም። 3060 እስከ 93 ዲግሪ የሚችል ካርድ ነው፣ ያንቺ 54 ነው። 170 ሲስብ ይወጣል፣ 70ዎቹ ውስጥ ቢገባ አትፍሪ። እዚህ 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ ትንሽ ይደክማል። ሐይቁ አጠገብ ከሆንሽ ማታ መብራት ስታበሪ የሚመጣው ትንኝ ፋን ውስጥ ገብቶ ከአቧራ ጋር ይቦካል። በየጊዜው ክፈቺና አጽጂ።

ዩቲዩብ ላይ የሚነገሩትን «ፕሪፈር ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ምናምን የሚሉ የኤንቪዲያ ቅንብሮች መሞከር ትችያለሽ፣ አይጎዱም። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጉታል እንጂ ያልመጣ ሥራ አያመጡም። ድራይቨሩን ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጽጃ ሶፍትዌር አጽድቶ እንደገና መጫን ግን ተገቢ ነው፣ በተለይ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ካርድ ከነበረ። የድራይቨሩ ፋይል ከ600 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርጂው።

ገንዘቡን የት ላውጣ ካልሽ፣ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ። ኤንቪዲያ ለ3060 የሚመክረው 550 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር እርሺ፣ ታርጋው ላይ 12 ቮልት በሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዢ፣ እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ግን ኮምፒውተርሽን ክፈቺና ማዘርቦርዱ ላይ የገባውን ዋና ገመድ ቁጠሪ። 24 ፒን ካልሆነ ከገበያ የሚገዛው ተራ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይገባም። የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። እንደዚያ ከሆነ እኔ አዳፕተር ላይ አዳፕተር ከምትደረድሪ ኮምፒውተሩን ሸጠሽ አዲስ መሠረት ብትጀምሪ እመርጣለሁ። ካርዱ ይቆይሻል።

የሚገጥምልሽ ሰው የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን ገመድ ካርዱ ላይ እንዳይሰካ ተጠንቀቂ። የካርዱ ገመድ 6 እና 2 ሆኖ ነው የሚከፈለው፣ የፕሮሰሰሩ 4 እና 4። የ12 ቮልቱና የመሬቱ ጎን ተገላቢጦሽ ነው። ቅርጹ ስለማይመሳሰል በቀላሉ አይገባም፣ አንዳንዱ ግን ገፍቶ ያስገባዋል።

ከዚያ ራም። ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን መቀየር የመጨረሻው ነው፣ እሱንም ፕሮክሲውን ሞክረሽ ካልበቃሽ ብቻ።

ሻጩ የሰጠሽ የመመለሻ ጊዜ አጭር ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚደረገውን ሙከራ አስቀድሚ፣ ሌላው ሊቆይ ይችላል። ስትሞክሪው የጂፒዩ-ዚን የመጀመሪያ ገጽና የሴንሰር ገጹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የፓወር ሰፕላይሽን ታርጋና ማዘርቦርዱ ላይ የገባውን ዋና ገመድም ጨምሪበት።